ከእናቴ አገር የመጣው አንበጣ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዐረብ አገር የምሠራላት ማዳም ከገበያ በመረብ ከረጢት አንበጣ ገዝታ መጣች። ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ስትዘረግፈው ነፍሱ ገና አልወጣም፤ እግሩን ያንፈራግጣል። ውኃ አፍልቼ ጨው እንድጨምርበት አዘዘችኝ። የምጸየፈው መስሏት ካልፈለግሽ እኔው እሠራዋለሁ አለችኝ። የድስቱን ክዳን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። የእርጥብ ሣር፣ የተለበለበ ፀጉር፣ ትንሽ ትንሽም የዓሣ ሽታ ነበረው። እጄ ሳላዘው አንዱን አንሥቶ ጭንቅላቱን ከነአንጀቱ ሳበ፣ ክንፉን ቀነጠሰ፣ መጋዝ የመሰለውን የኋላ እግሩን ሰበረ። ማዳም ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። የእናቴ አጎት ናቸው አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ሐሳቤ አምባሰል ዋለ።

አንበጣው የመጣ ዓመት ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ፣ ስሟ መዲና ነው፣ ዐረብ አገር የሄደችው ከዚያ ቀደም ባለው በጋ ነው። እስከዚያ ድረስ ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል እኔና እሷ ብቻ እንኖር ነበር። ቆሮሶ ዓሣ እየጠበሰች ለደሴና ለወልድያ ተሳፋሪ ትሸጥ ስለነበር ልብሷም ፀጉሯም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አባቴን አላውቀውም። ስትሄድ እኔን ገጠር ወስዳ ለአባቷ ወንድም፣ ለአያ እንድሪስ ሰጠችኝ። ሻንጣዋን ይዛ ቁልቁል ስትወርድ ዞር ብላ ያላየችኝ ተቆጥታ መስሎኝ ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ ዋልኩ።

አያ እንድሪስ ሚስታቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነው፣ ከአምባሰል ገደል ሥር ባለች አንዲት ቤት ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዝም ያሉ ሰው ነበሩ። ላሚቱን የሚያዋሯትን ያህል እንኳ እኔን አያዋሩኝም። እኔ የመኪና ጥሩምባና የባጃጅ ጩኸት እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ ስለሆንኩ ዝምታው አስፈራኝ። ጆሮዬ የታመመ መስሎኝ ትራሴ ላይ ጋደም ብዬ ጣቴን በጆሮዬ አጠገብ አፋጭ ነበር፤ መስማት አለመስማቴን ለማወቅ።

ከቤቱ ፊት ለፊት በድንጋይ ካብ የተደገፈ እርከን አለ። ካቡ ጫፍ ላይ ሲቀመጡ ሐይቁ ከታች በሩቅ ይታያል፤ ሰው የደፋው ውኃ ነው የሚመስል። ስልክም የሚሠራው እዚያች ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እናቴ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ትደውልና አያ እንድሪስ የቁልፍ ስልካቸውን ይሰጡኛል። ሐይቁ ወደሚታይበት ዞረን ስለምናወራ ዐረብ አገር ማለት ከውኃው ማዶ ያለው ሰማያዊ ተራራ ይመስለኝ ነበር። መስከረም ላይ ስልኩ ቀረ። አያ እንድሪስ ከጁምዓ ሲመለሱ ካቡ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሥተው ላሚቱን ሊያስገቡ ይሄዳሉ። ስለ እናቴ አንድም ቃል አይናገሩም። እኔም ስሟን መጥራት ነውር የሆነ መስሎኝ አልጠይቅም።

ትምህርት ቤት የከተማ አነጋገሬ ያስቃቸው ነበር። «የዐረብ አገር ልጅ» ብለው አወጡልኝ። እንደኔ እናቱ የሄደችበት ልጅ ሞልቷል፤ እነሱ ግን እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ እኔ የመጣሁት በመሀል ነው። የቀበሌያችን የጤና ባለሙያ ሲስተር ሙሉ አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጥታ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፣ መዳፌን ከራሷ መዳፍ ጎን አድርጋ አስተያየች። ደሜ ማነሱን፣ ገንቢ ምግብ እንደሚያስፈልገኝ ለቤተሰብ እንድናገር አዘዘችኝ። ሳይንስ መጽሐፋችን ላይ ምግብ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ ይከፈላል። ገንቢ ሲባል እኔ የማስበው ሐይቅ ከቤታችን ማዶ ፎቅ ይሠሩ የነበሩትን ግንበኞች ነው። እንቁላልና ሥጋ የበላ ሰው ሆዱ ውስጥ ሲሚንቶ የሚያቦኩ ትንንሽ ሰዎች ይገቡለታል፤ እኔ ዘንድ የመጣ ስለሌለ ግድግዳዬ ሳስቷል።

ለአያ እንድሪስ ነገርኳቸው። በማግሥቱ አንድ እንቁላል ቀቅለው ፊቴ አስቀመጡና እኔ እስክበላ ውጭ ወጥተው ቆሙ። ላሚቱ ነጥፋለች። ዶሮዎቹም ብዙ ሳይቆዩ መጣል አቆሙ። ከዚያ ወዲያ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጤፉ ሲደርስ ተሽጦ የምትታለብ ፍየል ይገዛልኛል። ጤፉ ያን ዓመት ከወገቤ በላይ ነበር፣ ዛላው ከብዶት ተኝቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ ለፍየሏ ስም እመርጥላት ነበር።

አንበጣው የመጣው ጥቅምት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ከወደ ቆላው ጢስ የተነሣ መሰለኝ። ጢሱ እየቀረበ ሲመጣ ፀሐይዋ የሻይ ቀለም ያዘች፤ ከዚያ ደረቅ ሣር ሲቃጠል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከላያችን ሆነ። መንደሩ በሙሉ ወጣ። ሴቱ ጀሪካን፣ ልጁ ቆርቆሮና ሳህን ይቀጠቅጣል፤ ወንዱ ጅራፍ ያጮኻል። ከወዲህ «ያ አላህ»፣ ከወዲያ «እግዚኦ» ይሰማል። አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን እያወናጨፉ ጤፉ መሀል ይሮጣሉ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ለት ብቻ ነው። እኔም የዘይት ቆርቆሮ ይዤ ስደበድብ ከጎናችን ያለው ማሳ ባለቤት እንዲህ ሲል ሰማሁ፦

«ከዐረብ አገር ነው የመጣው! ባሕሩን ተሻግሮ ነው!»

ቆርቆሮውን መምታት አቆምኩ። አንዱ እጅጌዬ ላይ አርፎ ነበር። ቀይ ነው፤ ዓይኑ ትልቅ፣ ፊቱ ረጅም፤ የሰው ፊት አለው። ከዚያ ነው የመጣኸው አልኩት በልቤ። እናቴ ያለችበትን ሰማይ አቋርጠህ።

ሲመሽ ጤፉ አገዳ ሆኖ ቀረ። አያ እንድሪስ መሀሉ ላይ ተቀመጡ፤ ሰው መጥቶ አይዞዎት ቢላቸው «አልሐምዱ ሊላህ» ብቻ ይላሉ። እኔ አንዱን አንበጣ በሻይ ብርጭቆ ከድኜ ወደ ቤት ይዤው ገባሁ። መዲናን አይተሃት እንደሆነ ጠየቅኩት። ቤቷ የት እንደሆነ፣ ለምን እንደማትደውል። ብርጭቆው ላይ እግሩን እየፋቀ ዞረ። ጠዋት ሞቶ አገኘሁት።

ያን ጠዋት አያ እንድሪስ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቀሰቀሱኝ። ቁጥቋጦው ሁሉ በአንበጣ ጎብጧል። ከብርዱ የተነሣ መብረር አቅቶታል፤ እንደ ፍሬ ይለቀማል። ጆንያ ይዘው ይለቅሙ ጀመር። ሙሉ ጆንያ ይዘን ተመለስን፤ ማለት እሳቸው ተሸከሙ፣ እኔ ተከተልኩ። ቀቀሉት፣ ጭንቅላቱንና ክንፉን አነሡለት፣ በቆሎ መቁያው ምጣድ ላይ ጨው ነስንሰው አመሱት። ሐራም አይደለም ወይ አልኳቸው። ሐላል ነው፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ሶሓባዎችም በልተውታል አሉኝ። «ቢስሚላህ» ብለው እፍኝ ሙሉ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ።

«ይጣፍጣል» አሉ። «ብይ።»

እምቢ አልኩ። እሳቸው የጠየፍኩ መስሏቸው ነበር፤ እኔ ግን የእናቴን መልእክተኛ እንዴት እበላለሁ ብዬ ነው። አላስገደዱኝም። እኔ ደረቅ ቂጣዬን በበርበሬ እየነካሁ፣ እሳቸው ምጣዱን ታቅፈው፣ ከምድጃው ወዲህና ወዲያ ሆነን በየቀኑ እንበላ ጀመር። ሁልጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚበሉት። ሁልጊዜም «ይጣፍጣል» ይላሉ።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ የሽሮ ዱቄት በቁና ይዘው መጡ። ክርስቲያን ናቸው፤ ከአያ እንድሪስ ሚስት ጋር እንደ እኅት ነበሩ ይባላል። ምጣዱ ላይ ያለውን ሲያዩ አማተቡ። ከዚያ ደግሞ ማማተባቸው አሳፍሯቸው ነው መሰለኝ፣ ዮሐንስም በበረሃ በልቶታል ይባላል፣ ቄሱ ግን የዛፍ ቅጠል ነው ይሉናል፣ እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ አሉ። ሽሮውን ሲያቀብሏቸው አያ እንድሪስ አልተቀበሉም።

«ቸግሮኝ መሰለሽ ጥሩ? አልቸገረኝም። ስለሚጣፍጠኝ ነው» አሏቸው።

እትዬ ጥሩ ቁናቸውን ይዘው ተመለሱ። ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። ሽማግሌው ከጤፉ ጋር አእምሯቸውም ሄዷል የሚል ነበር። ትምህርት ቤት አግዳሚው ላይ አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ ተነሥታ ሌላ ቦታ ሄደች። አግዳሚው ረጅም ነበር። ደብተሬን በጎኔ ዘረጋሁት፤ ሰው የተቀመጠበት እንዲመስል።

በመጨረሻ የበላሁት ስለራበኝ ነው። ግን ለራሴ ሌላ ምክንያት ፈጥሬለት ነበር። ይህ ፍጥረት እናቴ ካለችበት አገር ሣር ከበላ፣ እኔም እሱን ብበላ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይደርሰኛል አልኩ። አንድ ማታ እጄን በምድጃው ላይ አሻግሬ አንድ አነሣሁ። ሲሰበር እንደ ሽንብራ ቆሎ ነው፤ ውስጡ ቅባት አለው፤ በስተመጨረሻ ምላስ ላይ የሚቀረው የተጠበሰ የቆሮሶ ጅራት ጣዕም ነው። የእናቴ ጣዕም ነው። አቀርቅሬ ሌላ ጨመርኩ፣ ሌላም። አያ እንድሪስ ምጣዱን ቀስ ብለው ወደኔ ገፉት።

ሲስተር ሙሉ ወሬውን ሰምታ ቤት ድረስ መጣች። ልትቆጣ መስሎኝ በሩ ጀርባ ቆምኩ። እሷ ግን የደረቀውን በእጇ ዘግና አየችው፣ እንዴት እንደሚሠሩት አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። እሷ ራሷ አትበላም፤ ትምህርት ላይ ሳለች ግን ስለዚህ ነገር ተምራለች፤ እንደ ሥጋ ገንቢ ነው፣ ቅባትም ደም የሚተካም አለው፣ ለዚህች ልጅ ከደረቅ ቂጣ በብዙ ይሻላል አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ታች ቆላው ላይ መድኃኒት መርጨት መጀመሩን ነገረቻቸው። የተረጨበት አንበጣ መርዝ ነው።

«በምን ይለያል?» አሏት አያ እንድሪስ።

«በዓይን አይለይም አባቴ። ለዚህ ነው የምፈራው። እዚህ የተረጨ ለት አንዲት ፍሬ እንዳትቀምሱ።»

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ከዚያ ዓመት ሁሉ ይሻሉኛል። ንጋት ላይ መድኃኒት ወዳልደረሰበት ወደ ገደሉ ሥር እንወጣለን። እጄ በብርድ ይደነዝዛል፤ አንበጣው መዳፌ ላይ ሲሞቀው መንቀሳቀስ ይጀምራል። አያ እንድሪስ ትንሽ ትንሽ መናገር ጀመሩ። እሳቸው ልጅ ሆነው እንዲህ ያለ አንበጣ መጥቶ፣ ከኋላው ረኃብ ተከትሎት፣ እናታቸው አንበጣውን አድርቃ ወቅጣ በቅል አስቀምጣላቸው እንደነበር ነገሩኝ። እኛም ቤቱ ክዳን ላይ አሰጣነው፤ ሲደርቅ በሙቀጫ ወቅጠን ቂጣ ላይ ነሰነስነው። ዶሮዎቹ ከግቢው አንበጣ እየለቀሙ ወፍረው እንደገና መጣል ጀመሩ። እኔም ማታ ማታ ክንዴን እየጨበጥኩ ግንበኞቹ እስከየት እንደደረሱ እለካ ነበር።

መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን የመጣው በኅዳር ነው። ትንሽ ነው፤ ዝቅ ብሎ ገደሉን ታክኮ ሲያልፍ ከኋላው ነጭ ጉም ይለቃል። ልጆች እጃቸውን እያውለበለቡ ሮጡ። ነፋሱ ጉሙን ወደኛ ቤት ክዳን ገፋው። አያ እንድሪስ ቆመው አዩት። ከዚያ አፍንጫዬንና አፌን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ቤት አስገቡኝ።

በማግሥቱ እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ክዳኑ ላይ የተሰጣውን ሁሉ ጠርገው አወረዱ። በሙቀጫው የነበረውን፣ በቅሉ የነበረውንም ጨመሩበት፤ የቱን ጉሙ እንደነካውና የቱን እንዳልነካው ማወቅ አልቻሉም። ከቤቱ ራቅ ብለው ጉድጓድ ቆፈሩ። አፈሩን ሲመልሱበት እኔ አበድኩ። ጉድጓዱ ዳር ተንበርክኬ በእጄ አፈሩን ዛቅሁ። ክንዴን ይዘው ጎትተው አነሡኝ።

«ምን ሁነሽ ነው ሉባባ? መርዝ ነው እኮ!»

«ከእናቴ አገር ነው የመጣው!» አልኳቸው። «እሱንም ቀበሩት!»

አካፋውን ለቀቁት። በሻይ ብርጭቆ ለከደንኩት አንበጣ ያወራሁትን ሁሉ ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው፤ እየተንሰቀሰቅኩ፣ ቅደም ተከተል ሳይኖረው። እናቴ የሞተች እንደሆነ እንዲነግሩኝም ለመንኳቸው። አያ እንድሪስ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታችን ትክክል ሆነ።

«አልሞተችም አልልሽም፤ ሞተችም አልልሽም» አሉኝ። «አላውቅም። እኔም እንዳንቺው ነው የምጠብቃት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ እሳቸው የሚያውቁትን ነገር የሚደብቁኝ ይመስለኝ ነበር። ዝምታቸው ባዶ መሆኑን፣ ውስጡ ምንም የተቀመጠ ነገር እንደሌለ ሳውቅ አዘንኩ፤ ግን በዚያው ፍርሃቴ ቀለለ። ያን ለት እጃችንን በአመድና በውኃ ደጋግመን ታጠብን። ማታ ሁለታችንም ጾማችንን አደርን ማለት ይቻላል፤ አንድ ቂጣ ለሁለት ተካፈልን። ከዚያ በኋላ የእርዳታ ስንዴ መጣ። እትዬ ጥሩም ሽሮውን በድጋሚ ይዘው ሲመጡ እሳቸውን ሳይሆን እኔን ጠርተው ሰጡኝ፤ አያ እንድሪስ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

አንድ ቀን፣ ጁምዓ እንኳ አልነበረም፣ ከትምህርት ቤት በአቋራጭ ስመለስ ከካቡ ሥር ደረስኩ። ከላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ፤ አያ እንድሪስ እንዲያ አብዝተው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅማ።

«ስልክሽን ነጥቀውሽ ነው? ሌላ ቤት ገባሽ? እሰይ፣ አልሐምዱ ሊላህ» ይላሉ። «አለች። ደኅና ናት። ክንዷ ወፈር ብሏል። ስትተኛ ልክ እንዳንቺ ጉልበቷን ታቅፋ ነው። በእንቅልፏ ትጠራሻለች፤ በቀን ግን አታነሣሽም፣ እኔን እንዳታስከፋ ነው መሰለኝ።»

ልሮጥ እግሬን አነሣሁ። አቀበቱ አጭር ነው፤ ብሮጥ እደርስ ነበር። ግን ቀጠሉ።

«አልዋሽሽም መዲና። ሥጋ አላበላኋትም፤ ወተትም የለኝ። አንበጣ ነው ያበላኋት። ሌላ ምን ነበረኝ? ቸግሮኝ ነው። ኧረ እኔስ ሽታውን አልችለውም። ታናናሾቼ ባለቁበት ዓመት የበላነው እሱን ነው፤ አፌ ውስጥ በገባ ቁጥር እነሱ ናቸው የሚመጡብኝ። እኔ ካልበላሁ ግን እሷ አትበላም። ይጣፍጣል እያልኩ ዋጥኩት።»

ካቡን ተደግፌ ቆምኩ። ብወጣ ይህን መስማቴን ያውቃሉ፤ ካልወጣሁ ደግሞ እናቴን አላገኛትም። እንዲህ ሳመነታ «ሃሎ… መዲና… ሃሎ» ሲሉ ሰማሁ። መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

ትንሽ ቆየሁና ድንጋዩን በእግሬ እያንኳኳሁ፣ እያሳልኩ ወጣሁ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። እናቴ መደወሏን፣ ደኅና መሆኗን፣ ለጁምዓ እደውላለሁ ማለቷን ነገሩኝ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ በደስታ መሰላቸው።

«ስለ አንበጣውም አወራኋት» አሉ ወደ ሐይቁ እያዩ። «እንዴት እንደጣፈጠን።»

«አዎ» አልኳቸው። «ይጣፍጥ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ካቡ ላይ ፈቀቅ አሉልኝና ተቀመጥኩ።

እናቴ በጁምዓው ደወለች። ስልኩ እስኪግል ድረስ አወራን፤ እኔ ሳለቅስ እሷም ስታለቅስ ነበር። ምን እንዳወራን ግን አላስታውስም።